የደብሪቱ ዋሻ ሦስተኛው ወለል

ስሟን ብነግራችሁ የማታውቋት አንዲት አገር ነበረች፤ ስለዚህ ስሟን ልተወው። እዚያው ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። ሥራዬ ካርታ መንደፍ ነበር። ከምነግራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ አሳምረው ከሚያወሩ ሰዎች ነው የሰማሁት፤ እሱን ራሳችሁ ቀንሳችሁ ስሙት።

በዚያች አገር ሰያፍ መሄድ ክልክል ነበር። ምድሩ ሁሉ በአራት ማዕዘን ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ አንድ እርምጃ አንድ ንጣፍ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ። መታጠፍ የፈለገ ሰው ይቆማል፣ መላ አካሉን ያዞራል፣ ከዚያ ይራመዳል። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሻጯ ትንሽ ወደ ቀኝ ብላ ተቀምጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ፊት አራት፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ሦስት ተራምደህ ትደርስባታለህ። በአቋራጭ የሄደውን የማዕዘን ሹሙ ያየው እንደሆነ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ሹሙ ከእንጨት የተሠራ ማዕዘን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ሰርግ ላይም እንደዚያው ነው፤ ሙሽሪት ስትታጠፍ ሚዜዎቹ እኩል መታጠፍ አለባቸው፣ አንዱ ከዘገየ ሰልፉ ከደጃፍ ይጀመራል። የእኔ ሰርግ ሦስት ጊዜ ተጀምሯል። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ በዚህ ስታሾፍብኝ ኖራለች።

ይህ ሁሉ ልማድ የመጣው ከምድር በታች ነው። ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ «አሮጌው» የሚባል ዋሻ ነበር፤ አምስት ወለል ያለው፣ በየወለሉ አውሬ፣ እንቆቅልሽ፣ ወጥመድና የተደበቀ በር የሞላበት። ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ አራት አራት እየሆነ ይወርዳል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። የፊተኞቹ ጋሻና ሰይፍ ይይዛሉ፣ ምቱንም የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ከኋለኞቹ አንዱ ረጅም ጦር ይይዛል፣ አንዱ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሄዱበትን መንገድ ይነድፋል። ወደየት እንደሚኬድ የሚናገር የለም። ሰው ቢመታ አይሞትም፤ ዓይኑ ጭልም ይልበትና መጨረሻ እጁን ባሳረፈበት የማኅተም ድንጋይ አጠገብ ይነቃል። ከዚያ ወዲህ ያገኘው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቅጣቱ ይኸው ነው፤ የለፉትን እንደገና መልፋት። ከዚያ የወጣ ሰው ግን የዕድሜ ልክ ወሬ ይዞ ይወጣል።

አሮጌው አንድ ክረምት ተደረመሰ። ከዚያ የቀስት ዘመን መጣ። ቤተ መንግሥቱ ለሕዝቡ አዝኖ ነው አሉ፣ አዳዲስ ዋሻዎች አስቆፈረና በየግድግዳው ቀስት አስቀባ። በዚህ በኩል። አሁን ወደ ግራ። ቀስት ማየት ለሚታክተው አጃቢ ይመደብለታል፤ አጃቢው ክንዱን ይዞ እየመራ፣ አውሬው ብቅ ሲል «አሁን ይምቱት» ይለዋል። ሰው ጠዋት ወርዶ ለምሳ ይደርሳል። «እንዴት ነበር?» ስትሉት «ጥሩ ነው» ይላል። «ምን አየህ?» ስትሉት «ቀስት» ይላል። እኔም በዚያን ዘመን የሚነደፍ ነገር ጠፍቶ የሰው አጥር እየለካሁ እኖር ነበር።

እንግዲህ ደብሪቱ የተነሳችው በዚያ ጊዜ ነው። አባቷ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ እሷም እጇ አካፋ የለመደ፣ ቃሏ አጭር ሴት ናት። ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ከከተማው ዳር መቆፈር ስትጀምር አልፎ ሂያጁ ይጠይቃታል።

«ምን እየቆፈርሽ ነው?»

«ዋሻ።»

«ቀስት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ሰው መንገዱን እንዴት ያገኘዋል?»

«ይጠፋና ያገኘዋል።»

ወንድሞቿ በአራተኛው ዓመት ተሰላችተው ሄዱ። እሷ ሰባት ዓመት ቆፈረች። ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠረበች፣ አውሬዎቹን አሰለጠነች። አውሬዎቹን ከየት እንዳመጣቻቸው ጠይቄያት አላውቅም፤ ዳቦ ጋጋሪን እርሾውን ከየት አመጣሽ ብሎ የሚያስጨንቅ የለም።

ቤተ መንግሥቱ ፈቃድ ሰጣት፤ ግን በአንድ ደንብ። ሥራው የአሮጌው ዓይነት ከተባለ በሁሉም ነገር አሮጌውን መምሰል አለበት። ደብሪቱ ያሰበችው አራት ወለል ነበር። «አሮጌው አምስት ነበረው» አሏትና አምስት አደረገችው። የአሮጌው ወዳጆች ማኅበር የሚባሉ አዛውንቶችም መጥተው፣ በአሮጌው መግቢያ ላይ ሦስተኛዋ ደረጃ የተሰበረች እንደነበረች አስታወሱ። «እግራችን ስንት ጊዜ ወለም እንዳለ!» እያሉ በናፍቆት ተቃቀፉ። ደብሪቱም መዶሻ አንስታ ጤነኛዋን ደረጃ ሰበረችላቸው።

ሌላም ሕግ አለ፤ ዋናው እሱ ነው። በአገራችን አዲስ ሥራ ሁሉ ይመዘናል። መዛኙ ሁለት ጨርቅ አለው። ነጩን ካነሳ ሥራው እንከን የለውም፣ ይከፈታል። ጥቁሩን ካነሳ እንከን አለው፣ ይጠፋል፤ ዋሻ ከሆነ ይደፈናል፣ ቤት ከሆነ ይፈርሳል። ሦስተኛ ጨርቅ የለም። ስለዚህ ሥራውን የወደደ ሰው ጉድለቱን አይናገርም፣ ጉድለቱን የተናገረ ደግሞ ጠላት ተብሎ ይፈረጃል። የከተማችን ድልድይ መሃሉ ላይ የሰው ቁመት የሚውጥ ቀዳዳ አለው፤ ነጭ ጨርቅ ተነስቶለታል። ሰው በጎኑ እየዋኘ ይሻገርና ማዶ ሲደርስ ልብሱን እየጨመቀ ድልድዩን ያመሰግናል።

የደብሪቱን ዋሻ እንድንመዝን አራት ሰዎች ተሾምን። አለቃችን ሊቀ መዛኝ ወንድይራድ ነበሩ፤ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለማንም ክፉ የማይመኙ ሰው ናቸው። ከፊት የምትሰለፈው ሽታዬ ድንጋይ ፈላጭ ናት፤ ክንዷ ብርቱ፣ ትዕግሥቷ ትንሽ። አጠገቧ ጎሹ ጋሻ ይይዛል፤ በር ሙሉ ሰው ሆኖ ሆዱ ግን ቶሎ ይባባል። አራተኛው እኔ ቢያድግልኝ ነኝ፣ ከነወረቀቴ።

መግቢያው ላይ አንድ ጸሐፊ ተቀምጧል። አርባ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በመልሱ መሠረት እያንዳንዱ ሰው አንድ ችሎታ ይመዘገብለታል፣ ከወረዱ በኋላ አይቀየርም።

«ምን እንዳለ ሳናውቅ እንዴት ነው የምንመርጠው?» አለችው ሽታዬ።

«አሮጌው ላይም እንዲሁ ነበር» አላት ቀና ሳይል።

እኔ ዋና መረጥኩ፤ የድልድያችን ሰው አይደለሁ! አምስቱን ወለል ስዞር ተረከዜን የሚያርስ ውሃ አላገኘሁም። ጎሹ ከእንስሳ ጋር መነጋገር መረጠ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመለሰችለት አንዲት አይጥ ብቻ ናት፤ እሷም «ሂድ» ነው ያለችው።

የመጀመሪያውን ወለል ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደብሪቱ አሮጌውን ብትወድም አዲስ ነገር የምትጠየፍ ሴት አይደለችም። ድንጋዩን አለስልሳ፣ መስታወት በየስንጥቁ ደብቃ፣ የቀኑን ብርሃን እስከ ታች ድረስ አውርዳዋለች። ግድግዳው ላይ ምንም ቀስት የለም። የሚሰማው የራሳችን እርምጃና የሆነ ቦታ የምትንጠባጠብ ውሃ ነው፤ ለዋና የማትበቃ። ጥጉ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እኩል ቆምን። ከጥጉ በስተጀርባ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው በመሃላችን አልነበረም። ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር እንደዚያ ከቆምኩ! ከደስታዬ የተነሳ የመጀመሪያው መስመሬ ተጣመመ።

ሁለተኛው ወለል ላይ ሊቀ መዛኝ ከማኅተሙ ድንጋይ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጉልበቴ አልቻለም። ከዚህ ሆኜ እመዝነዋለሁ» አሉ።

«ሦስት ወለል ይቀራል እኮ፣ ጌታዬ» አላቸው ጎሹ።

«የሩዝ ድስት መቅመስ የፈለገ ሰው ድስቱን ሁሉ አይበላም፣ ልጄ።»

ሕጉ ግን አራት ሰው ይላል። ሊቀ መዛኝ ትንሽ አሰቡና ካባቸውን አወለቁ። በዘንግ ላይ ሰቀልነውና ከእኔ ጎን፣ በኋላ ረድፍ፣ በራሱ ንጣፍ ላይ አቆምነው። ከዚያ በኋላ አራት ነበርን፤ ሽታዬ፣ ጎሹ፣ እኔና ካባው። በተራመድን ቁጥር ዘንጉን አንስቼ ካባውንም አንድ ንጣፍ አራምደዋለሁ። ለሊቀ መዛኝ ደግሞ የስንቃችንን ግማሽ ትተንላቸው ሄድን።

በዚያው ወለል ላይ ነው ካርታዬ መሃል ያለችውን ባዶ ያየሁት። ዙሪያውን መተላለፊያ ከቦታል፣ ሁሉም መንገድ ነድፌዋለሁ፤ መሃል ላይ ግን ሦስት በሦስት የምትሆን ነጭ ቦታ ቀረች። ወረቀት አይዋሽም። ማንም ያልነገረኝን ነገር የነገረኝ የራሴ እርሳስ ነው።

«እዚህ ውስጥ ክፍል አለ» አልኳቸው።

ሽታዬ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ግማሽ ቀን ዞረች። አንዲት ድንጋይ ከሌሎቹ ትንሽ ትሞቅ ነበር። ስትጫናት ግድግዳው ገለል አለ። ውስጡ ወርቅ የለም፣ ሰይፍ የለም፤ ለአራት ሰው የሚበቃ አግዳሚ ወንበርና አንዲት መስኮት ብቻ። በመስኮቷ ስናይ፣ በተደበቁት መስታወቶች በኩል ከጠዋት ጀምሮ የሄድንበት መንገድ በሙሉ ይታያል፤ የጠፋንበት፣ የተመታንበት፣ የተጨቃጨቅንበት። ጎሹ እንባው መጣ። እኔም መጣብኝ፣ ግን ጢም ስላለኝ አይታወቅብኝም። ደብሪቱ ይህችን ክፍል ስትሠራ ብዙው ሰው እንደማያገኛት ታውቃለች። አውቃም ሠራቻት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያቺን ሴት እንደ እህቴ ወደድኳት።

ሦስተኛው ወለል ግን... ምን ልበላችሁ። የምወደውን ሰው ማማት ደስ አይለኝም።

ሰባት መተላለፊያ አለው፤ ሰባቱም ግራጫ፣ ሰባቱም አንድ ዓይነት፣ እያንዳንዱ አንድ መቶ ሃያ እርምጃ። ቆጥሬያለሁ፤ ሥራዬ ነው። የአንደኛው ወለል አውሬ እዚህም ይመጣል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮለት። አራተኛው መተላለፊያ ላይ ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል፤ አውሬው ግን ያው ነው፣ በመልኩ ለይተነዋል። በሦስተኛው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ የሚጎተት ዘንግ አለ። ስትጎትቱት ምንም አይሆንም። በሩ የሚከፈተው ከዚያ አራት መተላለፊያ ርቆ ነው፤ ይህንን የሚጠቁም ድምፅ እንኳ የለም። የማኅተሙ ድንጋይ ያለው መግቢያው ላይ ብቻ ስለሆነ ሰባተኛው ላይ የተመታ ስድስቱን እንደገና ይሄዳል። አሥራ አንድ ጊዜ ተመለስን። በዘጠነኛው ጎሹ ጋሻውን ጥሎ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«አውሬ አልፈራም» አለ። «ይህን ግድግዳ ግን ሁለተኛ አላየውም።»

በመጨረሻ ያዳነችን ሽታዬ ናት። አውሬውም እንደኛው ሰያፍ አይሄድም፣ ሲዞርም ይዘገያል። በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ዞርን፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ አንድ ምት። ከቁርስ እስከ ምሳ እንዲህ ዞርን። አውሬውም ደከመው። መጨረሻ ላይ እርስ በርሳችን መተያየት አፍረን ነበር።

አራተኛው ወለል ተመልሶ የደብሪቱ ሆነ። አራት ሰው በአንድ ጊዜ አራት ድንጋይ ላይ ካልቆመ የማይከፈት በር አለ፤ የሊቀ መዛኝ ካባ የሰው ያህል ይከብድ ስለነበር አንዱን ድንጋይ እሱ ቆመበት። አምስተኛው ላይ አንድ የተኛ ንጉሥ አለ። ታሪኩ ግድግዳው ላይ ረጅም ሆኖ ተጽፏል፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ማን ማንን እንደበደለ አልገባኝም፣ ፊደሉም ግማሹ ተሳስቷል። ንጉሡን ስንጥለው ግን እንደ ሕፃን ዘለልን። በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ወጣን። ፀሐይዋ አቃጠለችን፤ ሁላችንም መመለስ አማረን።

መንገድ ላይ ሦስታችን አንድ ነገር ተማማልን። ስለ ሦስተኛው ወለል ትንፍሽ አንልም። ዋሻውን ወደነዋል፤ አንዲት ቃል ካመለጠችን ይደፈናል።

የምዘናው ቀን አደባባዩ በሰው ተጥለቀለቀ። ሰዉ በየንጣፉ አንድ አንድ ሆኖ ቆሟል። ሊቀ መዛኝ ወንድይራድ ካባቸውን ደርበው፣ በአውሬው ጥፍር የተቀደደውን ጎኑን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ነጩን ጨርቅ ከፍ አደረጉ።

«የደብሪቱ ዋሻ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው እንከን የለውም!»

እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ። ዞር ስል ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። የደስታ መሰለኝና ሄድኩ፤ ወደ ፊት ስድስት፣ ወደ ግራ ሁለት።

«እልል እየተባለልሽ ነው፣ እህቴ።»

«ማንም አልወረደም፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሰባት ዓመት ቆፈርኩ፣ አንድ ሰው እንኳ አልወረደም።»

«እኛ ወርደናል እንጂ!»

ነጠላዋን ገለጠች። «ሦስተኛውን ሄዳችሁበታል?»

ካርታዬን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ወሸቅኩት።

«ከሄዳችሁበት እንዴት እንከን የለውም ትላላችሁ? እኔ እኮ አውቀዋለሁ። አራት ብዬ አስቤ አምስት አድርጊው ሲሉኝ የለጠጥኩት እሱን ነው። ስጠርበው እንቅልፌ ይመጣ ነበር። እሱን ያላየ ሰው ያቺን ክፍል አይቷል ብዬ እንዴት ልመን?»

«የአግዳሚዋን ክፍል?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «አገኛችኋት?»

«ካርታው መሃል ባዶ ቀርቶብኝ ነው።»

እጄን ያዘችው። እጇ እንደ ድንጋይ ሻካራ ነው። «እንግዲያው ተናገር።»

«ደብሪቱ፣ ይደፈናል።»

«ይደፈን። ደህናውንም ክፉውንም ተናገር። ሰባት ዓመቴን አንድ ሰው አይቶታል ብዬ ልረፍ።»

አንጀቴን በላችው። ለእሷ ብዬ ዝም ማለቴ ከሊቀ መዛኝ ካባ እንደማይሻል ያኔ ገባኝ፤ ካባውም ወርዶ ነበር፣ ካባውም ዝም ብሏል። ካርታዬን ዘርግቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መስታወቶቹን ተናገርኩ፣ ጥጎቹን ተናገርኩ፣ የምትሞቀዋን ድንጋይ ተናገርኩ፤ የት እንዳለች ግን አላልኩም። ከዚያ ሦስተኛውን ወለል አነሳሁ። ሰባቱን ግራጫ መተላለፊያ፣ ባለ ቀይ ጨርቁን አውሬ፣ ዘንጉን፣ የማኅተሙን ድንጋይ። 

«በቁጥር ንገራቸው!» አለች ሽታዬ ከሩቅ። «አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሰናል!»

«እኔ አልቅሻለሁ» አለ ጎሹ። «ግን ዛሬ ግቡ ብትሉኝ እገባለሁ።»

የመግቢያውን አርባ ጥያቄ፣ የንጉሡን የማያልቅ ታሪክና የፊደሉን ስህተት ጨመርኩ። ደብሪቱ በእያንዳንዱ ጉድለት ራሷን ትነቀንቃለች፤ «አዎ፣ እሱስ አዎ» ትላለች። ስለ ምሰሶው ዙረት ስናገር ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በሕይወቴ ሙሉ የሰው ሥራ አመስግኜ አውቃለሁ፤ ምስጋናዬ እንዲህ ልብ ውስጥ ሲገባ ግን አይቼ አላውቅም።

ሊቀ መዛኝ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

«ምነው ቢያድግልኝ? ነጩን አንስቼላት አልነበረም?»

ከዚያ ነጩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጥቁሩን አወጡ። ደብሪቱ ቆማ ተቀበለችው። ቤቷ ስትገባ እስከ በሯ ሸኘኋት። «አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። እኔ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም በራሴ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ የመድፈን ሥራ ተጀመረ። ዋሻ የሚደፈነው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ቢደፈን ውስጡ ባዶ ይቀርና ከተማው ይሰምጣል። ስለዚህ ደፋኙ አፈሩን በቅርጫት ተሸክሞ እስከ አምስተኛው ወለል መውረድ አለበት። ወደ ዋሻ የሚወርድ ደግሞ ደፋኝም ቢሆን አራት ሆኖ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ በደንቡ ተራምዶ ነው የሚወርደው። ቅርጫት ለያንዳንዱ አንድ ነው። ምሳሌ ለመሆን ብለው የመጀመሪያዎቹን አራት የመሩት የመድፈን ሹሙ ራሳቸው ናቸው፤ በቀስት ዘመን ያደጉ ሰው።

በስድስተኛው ቀን ወጡ። ልብሳቸው ተቀዷል፣ ዓይናቸው ያበራል።

«አፈሩን አምስተኛው ላይ ደፉት?» አልኳቸው።

«ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝና እዚያው ደፋሁት። ነገ ተመልሼ እወርዳለሁ» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፦ «ለመሆኑ ሁለተኛው ወለል ላይ ካርታህ መሃሉ ባዶ ነው?»

አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በየቀኑ ለመድፈን ይሰለፍ ጀመር። አገር በሙሉ ደፋኝ ሆነ። ቅርጫት ሠሪዎች እጅ አጠራቸው። መዝገቡ ላይ ዋሻው «በመደፈን ላይ» ተብሎ ተጽፏል፤ በውሸት የሚከሰስ የለም፣ ሁሉም አፈሩን ይዞ ይወርዳልና። ማዕዘን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ሹም እንኳ በወር ሁለቴ ይደፍናል።

ደብሪቱ ግን አንድም ቀን ብቅ አላለችም። አራት ዓመት ሙሉ ሰዉ ቅርጫት ተሸክሞ በበሯ ሲያልፍ መስኮቷን ትዘጋለች። አንድ ጠዋት ሽታዬንና ጎሹን ይዤ ሄድኩባት።

«አራተኛ ሰው ጎደለን» አልኳት።

«ሥራዬ ሲደፈን አላይም፣ ጋሼ።»

«እኔ አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ብዙ ጊዜ አልወርድም። ለእኔ ብለሽ ነይ።»

ቅር እያላት ቅርጫቷን አነሳች። አንደኛውን ወለል አንገቷን ደፍታ አለፈችው። ሁለተኛውንም። በእያንዳንዱ ጥግ ከእኛ ቀድማ ትታጠፋለች፤ ወጥመዱን ሳታይ ትሻገረዋለች፣ አውሬው ከመምጣቱ በፊት ትቆማለች። እያንዳንዱን ድንጋይ ያስቀመጠችው እሷ ናት፣ ምን ይደንቃታል!

ሦስተኛው ወለል ስንደርስ ወደ መጀመሪያው መተላለፊያ ታጠፈችና ቆመች። መተላለፊያው የለም። ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ነው፣ ሰው እየረገጠው የጠነከረ። ወደሚቀጥለው ሄደች፤ እሱም ተደፍኗል። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አፈሩን የደፋው በሰለቸው ቦታ ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የሚሰለቸው አንድ ቦታ ነው። ከሰባቱ አምስቱ ጠፍተዋል። በአፈሩ ክምር መሃል ሰዉ ለማለፊያ ብሎ የፈለፈላቸው ጠባብ መንገዶች ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛሉ። መግቢያው ላይ የነበረው የማኅተም ድንጋይ ወለሉ መሃል ላይ ተቀምጧል።

«ይህን ማን አመጣው?» አለች ደብሪቱ።

ጎሹ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

እሷ በአንዱ አዲስ መንገድ ገባች፤ እኛም ተከተልናት። ሦስቴ ታጠፍን፣ አራተኛው ላይ አውሬው ባላሰበችው በኩል ብቅ አለና ጮኸች። የገዛ አውሬዋ ነው! ሽታዬ መታ ጣለችው። ደብሪቱ ደረቷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

«ሰባት ዓመት ቆፍሬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ቀን ጠፍቼበት አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ?»

«ጋሼ፣ የት ነን?»

ካርታዬን አየሁት። የድሮው መስመር አንዱም አይገጥምም።

«አላውቅም» አልኳት።

መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀምጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ መጀመሪያ ወደ ግራ ነው መሄድ ያለብን ብላ ከሽታዬ ጋር ትጨቃጨቅ ጀመር።